«የኢትዮጵያ ንጉሥ» ሆኖ የሠራው ሰው ስም አለው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ስለ ድሮ የአሜሪካ ፊልሞች በአማርኛ ሲጻፍ ስማቸው የሚነሳው መሪ ተዋናዩና ዳይሬክተሩ ናቸው። ከኋላቸው የቆመውን ሰው መልኩን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስሙን የሚጽፍልን ግን እምብዛም ነው። ልማዱ ለማንኛውም ደጋፊ ተዋናይ በደል ነው፤ በአንዱ ላይ ሲደርስ ግን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይብሳል። በ1956 በወጣው የሴሲል ቢ. ደሚል «አሥርቱ ትእዛዛት» ውስጥ የኢትዮጵያ ንጉሥ ሆኖ ፈርዖን ፊት የቆመው፣ ከአራት ዓመት በኋላም በ«ስፓርታከስ» ኢትዮጵያዊውን ግላዲያተር ድራባን የሠራው አንድ ሰው ነው፤ ዉዲ ስትሮድ ይባላል። በፊልም ዓምዳችሁ ቦታ እንድትሰጡት ለመጠየቅ፣ ስትጽፉም ስለ እሱ በየቦታው የሚደጋገሙት ስህተቶች እንዳይገቡባችሁ ለማሳሰብ ነው ይህን የምጽፈው። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አስቀምጫለሁ፤ ምክንያቱን ወደ መጨረሻው ታገኙታላችሁ።

የስትሮድን ሥራ ባገኘው ሽልማት ወይም በተናገረው ቃል ብዛት የሚመዝን ሰው አንድም ነገር አያገኝበትም። ሦስት ነገር መታየት አለበት፦ ስሙ በፊልሙ ዝርዝር ስንተኛ ላይ እንደተጻፈ፣ ካሜራው ምን ያህል እንደቀረበውና የታሪኩ መዞሪያ በእሱ እጅ ማለፍ አለማለፉ። በእነዚህ ሦስቱ ካየነው የሰውዬው የሥራ ዘመን የሆሊዉድን አሠራር ከየትኛውም የኮከብ ታሪክ በበለጠ ያሳያል።

ከንጉሡ ልጀምር። ትዕይንቱ በፊልሙ የመጀመሪያ ክፍል ውስጥ ነው። ሙሴ ሆኖ የሚሠራው ቻርልተን ሄስተን ከኢትዮጵያ ዘመቻ ድል አድርጎ ይመለሳል፤ ፈርዖን ሴቲ ዙፋኑ ላይ ተቀምጧል፤ ልጁ ራምሴስ፣ ማለትም ዩል ብሪነር፣ የመጡት ሰዎች እንዲንበረከኩ ይፈልጋል። ሙሴ ግን ንጉሡንና እህቱን ታርቢስን ያመጣኋቸው በወዳጅነት ነው፣ የደቡቡን በራችንን የሚጠብቁልን አጋሮች ናቸው ብሎ ይመልስለታል። ታርቢስን የሠራችው ኤስተር ብራውን ናት፤ ለሙሴ የከበረ ድንጋይ ስትሰጠው እሱን የምታፈቅረው ልዕልት ነፈርቲሪ በቅናት ታያታለች፤ የተመልካቹም ዓይን ወዲያው ወደ ሴቶቹ ይዞራል። ስትሮድ እዚያ የሚታየው ለአጭር ጊዜ ነው። ሥራው መቆም ብቻ ነው፤ መቆምን ግን ያውቅበታል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ93 ነበር፤ ትከሻውን ሳይነቀንቅ፣ አገጩን ሳይጥል፣ የተሸነፈ ሳይመስል ይቆማል። አጎንብሶ ቢሆን ኖሮ የሙሴ ንግግር ውሸት ይሆን ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ማረሚያዎች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው ዘመቻው ኦሪት ውስጥ አለመኖሩ ነው። ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 12 ቁጥር 1 ላይ ያለው ሙሴ ኢትዮጵያዊት ማግባቱና ማርያምና አሮን በዚያ የተነሳ በእሱ ላይ መናገራቸው ነው። ዘመቻውም ታርቢስ የሚለውም ስም የመጡት በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ከኖረው አይሁዳዊ የታሪክ ጸሐፊ ከፍላቪየስ ጆሴፈስ ነው። በእሱ ትረካ ታርቢስ የንጉሡ ልጅ ናት፤ የተከበበችውን ከተማ አሳልፋ ሰጥታ ሙሴን ታገባዋለች። ደሚል ልጅቱን እህት አደረጋት፣ ጋብቻውን ጣለው። ሁለተኛው፣ እዚያ ታሪክ ውስጥ ኢትዮጵያ የተባለችው ከግብፅ በስተደቡብ ያለችው የኩሽ ምድር ናት፤ ከተማዋም ዛሬ ሱዳን ውስጥ የምትገኘው ሜሮኤ ናት። ስለዚህ የንጉሡን አለባበስ አይቶ «ይህ የቤተ መንግሥታችን ወግ አይደለም» ብሎ መቆጣት ትርፉ ድካም ነው። ልብሱ የፓራማውንት ስቱዲዮ ፈጠራ ነው፤ የጎንደርንም የሜሮኤንም ወግ አይመስልም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገርም አለ፤ ስትሮድ በዚሁ ፊልም ሁለቴ ይታያል። የፈርዖን ሴቲን እህት የቢትያን ወንበር ከሚሸከሙት አንዱ እሱ ነው። በዝርዝሩ ላይ የተጻፈለት ንጉሥነቱ ብቻ ነው፤ ተሸካሚነቱ አልተጻፈም። ታላላቅ ፊልሞች በሺህ የሚቆጠር ሰው በሚያሰልፉበት በዚያ ዘመን ቁመና ያለው ተቀጣሪ ለሁለት ቦታ መዋሉ ብርቅ አልነበረም። ባሪያውም ንጉሡም አንድ ሰው መሆኑን ያወቀ ተመልካች ግን ጥቁር ተዋናይ በዚያ ስቱዲዮ ውስጥ ምን ያህል መተላለፊያ እንደነበረው ያለ ማብራሪያ ይገባዋል።

ሰውዬው ከየት መጣ? በ1914 ሎስ አንጀለስ ተወለደ፤ እንደ ብዙዎቹ ፊልም ፍለጋ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ አይደለም። በዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ እግር ኳስ ሲጫወት በ1939 ቡድን ውስጥ አብረውት የነበሩት ኬኒ ዋሽንግተንና በኋላ በቤዝቦል ዓለም ያወቀው ጃኪ ሮቢንሰን ናቸው። ስህተት የሚበዛው ከዚህ በኋላ ነው። ብዙ ጽሑፎች ዋሽንግተንና ስትሮድ በአሜሪካ እግር ኳስ ሊግ የተጫወቱ የመጀመሪያዎቹ ጥቁሮች ናቸው ይላሉ። አይደሉም። ሊጉ በ1920 ሲመሠረት ፍሪትዝ ፖላርድ ይጫወት ነበር። በ1933 የውድድር ዘመን ማብቂያ ላይ ግን በሩ በዝምታ ተዘጋ፤ እነ ስትሮድ በ1946 ዳግመኛ ከፈቱት። በሩም በቡድኑ ባለቤቶች ቸርነት አልተከፈተም። የራምስ ቡድን ከክሊቭላንድ ወደ ሎስ አንጀለስ ሲዛወር መጫወት የፈለገው ኮሊሲየም በተባለው የከተማዋ ስታዲየም ነበር፤ ኮሊሲየም የሕዝብ ንብረት ነው፤ የከተማዋ ጥቁር ጋዜጠኞች በሕዝብ ሜዳ ጥቁርን የሚያገል ቡድን አይጫወትም ብለው ያዙ። ዋሽንግተን በመጋቢት፣ ስትሮድ በግንቦት ፈረሙ። ስትሮድ ያን ጊዜ 32ኛ ዓመቱን ሊይዝ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሜዳ ውጭ አስቀምጠውት በዓመቱ 4 ኳስ ብቻ ያዘ፤ ከዚያ አሰናበቱት። ወደ ካናዳ ተሻግሮ ከካልጋሪ ቡድን ጋር የ1948ን የካናዳ እግር ኳስ ዋንጫ ግሬይ ካፕን ወሰደ። ጃኪ ሮቢንሰን በቤዝቦል ሊግ የገባው በ1947 ስለሆነ «ሮቢንሰንን ተከትለው ገቡ» የሚለውም መታረም አለበት፤ አንድ ዓመት ቀድመውታል።

ስፖርቱን ያነሳሁት ለጌጥ አይደለም። ስቱዲዮዎቹ እዚያው ከተማ ስለነበሩ አካሉ የሰላ ጥቁር ስፖርተኛ ሲፈልጉ የሚጠሩት ከዩኒቨርሲቲው ሜዳ ነበር። ስትሮድ በ1941 በ«ሰንዳውን» ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ፊልሙ በኬንያ የሚካሄድ የጦርነት ታሪክ ነበር፤ የሠራውም የአገሬው ፖሊስ ሆኖ ነው። በዚያው ሰሞን ነጻ ትግል ጀመረ፤ እያቋረጠም ለዓመታት ገፋበት። ነጻ ትግል ለተዋናይ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። አወዳደቅን፣ ሳይጎዱ ተጎዳሁ ማለትን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከመጨረሻው ረድፍ የተቀመጠ ሰው ሳይቀር የሰውነትን እንቅስቃሴ እንዲያነብ ማድረግን ያስተምራል። ቃል ለማይሰጠው ተዋናይ ከዚህ የተሻለ ስንቅ የለም።

የ1950ዎቹን መጀመሪያ በአጭሩ ልለፈው፤ ፊልሞቹም ከዚያ በላይ አይገባቸውም። የጫካ ፊልሞች፣ የታርዛን ፊልሞች፣ ጦር የያዘ ዘበኛ፣ ከበሮ ሲመታ የሚወጣ ተዋጊ። «አንድሮክሊስና አንበሳው» ላይማ አንበሳው ራሱ ሆኖ ቆዳ ለብሶ ሠርቷል። ችግሩ ተሰጥኦ ማጣት አልነበረም። በደቡብ ግዛቶች ያሉ ሳንሱሮች ጥቁር ተዋናይ ከነጭ ጋር እኩል ቆሞ የሚናገርበትን ትዕይንት ስለሚቆርጡት ስቱዲዮዎቹ ከመነሻው የሚቆረጥ ነገር አይጽፉም ነበር። ያለ ንግግር የቆመ ዘበኛ ግን የትም ያልፋል።

የመጀመሪያው እውነተኛ ንግግር የመጣለት በ1959 በሉዊስ ማይልስቶን «ፖርክ ቾፕ ሂል» ነው፤ እዚህም ላይ ለእኛ የሚነገር ነገር አለ። ፊልሙ የተወሰደው ከኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ በኮሪያ በ1953 የጸደይ ወራት የተካሄዱትን ውጊያዎች ሲዘግብ ከአሜሪካው 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ስለተሰለፈው ስለ ቃኘው ሻለቃ የቅኝት ጓዶችም በአድናቆት ይተርካል። ፊልሙ የወሰደው የአንድ አሜሪካዊ ሻምበል ጦር ኮረብታውን የያዘበትን ክፍል ብቻ ስለሆነ የኛዎቹ አይታዩም። የኮሪያ ዘማቾችን ታሪክ የሚከታተል አንባቢ ወደ መጽሐፉ ቢሄድ ይሻለዋል።

ስትሮድ እዚህ ፍራንክሊን የሚባል፣ መዋጋት የማይፈልግ ወታደር ነው። ከጓዶቹ ኋላ እየቀረ ይሸሻል፤ በመጨረሻ ምሽግ ውስጥ የጦር መሪውን፣ ግሪጎሪ ፔክን፣ መሣሪያ ደግኖበት ያገኘዋል። የሚለው ነገር ቀላል ነው፦ አገር ቤት የምኖርበትን ቦታ ብታይ ለዚያ ልሙት አልልም፣ ለኮሪያማ እንዴት ልሙት? ልብ በሉ፣ ይህ በ1959 በአሜሪካ ፊልም ውስጥ ከጥቁር ወታደር አፍ የወጣ ነው። ደራሲዎቹ ፈሪ አድርገው ስላቀረቡት ቃሉ አለፈ። ስትሮድ ግን ፈሪ አድርጎ አልተጫወተውም፤ ሒሳቡን ሠርቶ ኪሳራ ያገኘ ሰው አድርጎ ነው የተጫወተው። በመጨረሻ ከሌሎቹ ጋር ለመቆም ሲወስን የፊቱ ለውጥ ትንሽ ነው፤ ትንሽ በመሆኑም ይታመናል።

1960 የሥራው ከፍታ ነው። ሦስት ፊልም በአንድ ዓመት ወጣለት፤ ሦስቱም እየቅል ናቸው። «የመጨረሻው ጉዞ» ስለምትሰጥም መርከብ ነው፤ ለቀረጻው ዳይሬክተሩ አንድሩ ስቶን ለብረት ቁርጥራጭ ወደ ጃፓን የተሸጠችውን እውነተኛዋን የፈረንሳይ መርከብ ኢል ደ ፍራንስን ተከራይቶ በከፊል አሰጠማት። ስትሮድ የሞተር ክፍሉ ሠራተኛ ነው፤ ከወደቀ ብረት ስር የተያዘችውን ተሳፋሪ ለማውጣት ከባሏ ጎን ሆኖ እስከ መጨረሻው ይታገላል። ሚናው አንድም የዘር ነገር አይነሳበትም፤ ሠራተኛ ነው፣ ሥራውን ይሠራል። ለዚያ ዘመን ይህ ራሱ ዜና ነበር።

«ሰርጀንት ራትሌጅ» የጆን ፎርድ ነው። ታሪኩ በጦር ፍርድ ቤት ይነገራል፤ የ9ኛው ፈረሰኛ ክፍለ ጦር ጥቁር የበታች ሹም አንዲት ነጭ ወጣት ደፍሮ ገደለ፣ አባቷንም ገደለ ተብሎ ይከሰሳል፤ ምስክሮች ሲናገሩ ወደ ኋላ እየተመለስን እናያለን። ስትሮድ እንደተረከው ስቱዲዮው የፈለገው ሲድኒ ፖይቲየርን ወይም ሃሪ ቤላፎንቴን ነበር፤ ፎርድ ግን ፈረስ ላይ ሆኖ የሚያስፈራ ሰው እንጂ ስመ ጥር ሰው አልፈልግም አለ። አሁን የመጀመሪያውን መለኪያ አውጡት፦ የፊልሙ ርዕስ የእሱ ገጸ ባሕርይ ስም ነው፣ ታሪኩ በሙሉ የሚዞረው በእሱ ዙሪያ ነው፤ ስሙ የተጻፈው ግን ከጄፍሪ ሃንተር፣ ከኮንስታንስ ታወርስና ከቢሊ በርክ ቀጥሎ አራተኛ ነው። ቢሊ በርክ ያላት ሚና የአንዲት አስቂኝ ባልቴት ነው! ይህን ዝርዝር ሳይጠቅስ «ስትሮድ መሪ ተዋናይ ሆነ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ግማሹን ነው የነገረን።

በፊልሙ ውስጥ መታየት ያለባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው በፈረስ ወንዙን የሚሻገርበት ነው፤ ታሪኩ ፔኮስ ይለዋል፣ ቀረጻው ግን በዩታ ሞንዩመንት ቫሊ አካባቢ ነው። በሌላ ሰው አልተተካም፣ ራሱ ነው የጋለበው፤ ኋላም ከሠራው ሁሉ በላይ የሚኮራበት ይህ እንደነበር ተናግሯል። ሁለተኛው ፍርድ ቤት ውስጥ አቃቤ ሕጉ ካመለጥክ በኋላ ለምን ተመለስክ እያለ ሲያጣድፈው የሚፈነዳበት ነው። ክፍለ ጦሩ ቤቴ ነው፣ ነጻነቴ ነው፣ ክብሬም እዚያ ነው ይላል። ድምፁ የሚሰበረው በተሳሳተ ቦታ ላይ ይመስላል፣ ትንፋሹም ያጥረዋል፤ የሠለጠነ የመድረክ ተዋናይ እንዲህ አያደርግም። በእኔ ሚዛን ጥንካሬው እዚያው ላይ ነው።

«ስፓርታከስ» ከሁለቱ በኋላ በጥቅምት ወር ወጣ። ድራባ በካፑዋ የግላዲያተር ማሠልጠኛ ያለ ባሪያ ነው። ስፓርታከስ ስሙን ሲጠይቀው ስሜን ማወቅ አትፈልግም፣ እኔም የአንተን አልፈልግም፣ አንድ ቀን ቢያጋጥሙን ልገድልህ ነው ይለዋል። ከዚያ በኋላ ከሮም የመጡ መኳንንት ለመዝናኛ እስከ ሞት የሚደርስ ግጥሚያ ሲጠይቁ ሁለቱ ይመረጣሉ። ከግጥሚያው በፊት በጠባቧ የእንጨት ክፍል ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚጠብቁበትን ጊዜ ተመልከቱ። ውጭ ሌሎች ሁለት ሰዎች ሲጋደሉ ይሰማል፤ ድራባና ስፓርታከስ ቃል አይለዋወጡም። ስትሮድ አንድ ጊዜ ፈገግ ይላል። ፈገግታው ወዳጅነትም ስንብትም ሊሆን ይችላል፤ ዳይሬክተሩ ስታንሊ ኩብሪክም አላስረዳንም።

ፍልሚያው የመረብና የሦስት ጣት ጦር ከአጭር ሰይፍ ጋር ነው። መረብ ይዞ መታገል ለካሜራ አስቸጋሪ ነው፤ ቶሎ ከተወረወረ ባዶ ቦታ ይወድቃል፣ ከዘገየ ወርዋሪው ራሱ ይጠላለፍበታል፤ የወረወረውም ሰው እግሩ ተራርቆ ሚዛኑን ካልጠበቀ ትዕይንቱ ቀልድ ይሆናል። የነጻ ትግሉ ልምድ የሚታየው እዚህ ነው፤ የስትሮድ ክብደት ሁልጊዜ በኋላ እግሩ ላይ ነው፣ ጦሩ ወደፊት ሲሄድ ትከሻው አይቀድምም። ያሸንፋል፤ ጦሩን ስፓርታከስ አንገት ላይ ያደርጋል፤ ግደለው ይባላል። አይገድልም። ዞሮ ጦሩን ወደ መኳንንቱ ወርውሮ ወደ ሰገነቱ ይወጣል፤ ከኋላ በጦር ይወጋል፤ ክራሰስ ሆኖ የሚሠራው ሎረንስ ኦሊቪየር አንገቱን ይቆርጠዋል። ሬሳው ለሌሎቹ ማስፈራሪያ ተዘቅዝቆ ይሰቀላል። የፊልሙ አመፅ ሥሩ ይህ ነው፤ ሦስት ሰዓት የሚፈጀው ታሪክ የሚነሳው ኢትዮጵያዊው ባሪያ ባልፈጸመው ግድያ ነው። ስትሮድ በዚህ ሚና ለጎልደን ግሎብ በደጋፊ ተዋናይነት ታጨ፤ አላሸነፈም። ኦስካሩን በዚያው ፊልም በዚያው ዘርፍ የወሰደው የማሠልጠኛው ባለቤት ሆኖ የሠራው ፒተር ዩስቲኖቭ ነው። ዩስቲኖቭ ይገባዋል፤ ሆኖም የቱ ሚና ፊልሙን እንደሚሸከም አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

ይህን ፊልም ስትገመግሙ የምታዩት ቅጂ የትኛው እንደሆነ ጻፉ። በ1967 ለዳግም እይታ ሲወጣ ወደ 161 ደቂቃ ተቆርጦ ነበር፤ በ1991 ተጠግኖ 197 ደቂቃ ገደማ ሆኗል። አጭሩን ቅጂ አይቶ «ይህ ትዕይንት ፊልሙ ውስጥ የለም» ብሎ የሚከራከር ሰው በየጊዜው ይገጥማል።

በ1962 ፎርድ እንደገና ጠራው፤ በ«ሊበርቲ ቫላንስን የገደለው ሰው» ውስጥ የጆን ዌይን ቤት ሠራተኛ ፖምፒ ሆነ። ሚናው ከራትሌጅ ወደ ታች መውረድ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ክፍል ውስጥ ጄምስ ስቱዋርት ሲያስተምር ፖምፒ አሜሪካ ከእንግሊዝ የተለየችበትን የነጻነት አዋጅ በቃሉ ሊል ይነሳና «ሰው ሁሉ እኩል ተፈጠረ» የሚለው ላይ ሲደርስ ይጠፋበታል። ከጀርባው የሊንከን ምስል ተሰቅሏል። መምህሩ ያቀብለዋል፤ አውቀው ነበር፣ ረሳሁት ይላል ፖምፒ፤ ግድ የለም፣ ያንን ቦታ ብዙ ሰው ይረሳዋል ይለዋል። መጠጥ ቤት ውስጥ ቀጂው ለጥቁር አልቀዳም ሲል ደግሞ ዌይን ይቆጣል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የተደበቀው ነው፤ በርዕሱ የተጠቀሰውን ግድያ የፈጸመው ጠመንጃ ከጨለማው ውስጥ ለዌይን የሚወረወረው በፖምፒ እጅ ነው። ሦስተኛው መለኪያ የሚባለው ይህ ነው። ስሙ ከታች ተጽፏል፣ ካሜራው ከሩቅ ያየዋል፤ ጠመንጃው ግን በእሱ እጅ አለፈ።

ለጥቁር አሜሪካዊ የሚሆን ሚና ሲያልቅ ስቱዲዮዎቹ ሌላ ዘር ይሰጡት ነበር። በ«ቱ ሮድ ቱጌዘር» ኮማንቼ፣ በ«ሰባት ሴቶች» የሞንጎል ተዋጊ፣ በ«ሻላኮ» ከሾን ኮነሪ ጋር በጦር የሚፋለም አፓቺ ሆኗል። የአባቶቹ ሐረግ ከአሜሪካ ቀደምት ነዋሪዎች ጋር እንደሚገናኝ ይናገር ስለነበር የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ሊያስተባብል ይችላል፤ ሞንጎሉን ግን ማንም አያስተባብልም።

በ1966 በወጣው የሪቻርድ ብሩክስ «ፕሮፌሽናልስ» አራት ባለሙያዎች የታፈነች ሴት ለማስመለስ ወደ ሜክሲኮ ይሻገራሉ፤ በርት ላንካስተር፣ ሊ ማርቪን፣ ሮበርት ራያንና ስትሮድ። የእሱ ሙያ ዱካ ማንበብና ቀስት ነው፤ ድማሚት የታሰረበት ቀስት በመወርወር ምሽጉን የሚያናጋው እሱ ነው። አሠሪው ገና ሲቀጥራቸው ከኔግሮ ጋር መሥራት ቅር ይላችኋል ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ የሌሎቹ መልስ ዝምታ ነው፤ ወደ ሥራው ያልፋሉ። የማስታወቂያው ወረቀት ግን አላለፈም፤ በትልቅ ፊደል ከተጻፉት ኮከቦች መካከል ከአራቱ ሦስቱ አሉ፣ አራተኛው የለም።

ሁለተኛው መለኪያ፣ የካሜራው ቅርበት፣ የተሟላለት በጣሊያኖች እጅ ነው። ሰርጂዮ ሊዮኔ በ1968 በሠራው «በአንድ ወቅት በምዕራብ» ሦስት ገዳዮች ባቡር ይጠብቃሉ፤ ስትሮድ፣ ጃክ ኢላምና አል ሙሎክ። መጠበቁ ከ10 ደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ ሙዚቃ የለም፤ የሚሰማው የንፋስ ወፍጮው ሲጢጥ ማለት፣ ዝንብና ውሃ ነው። ስትሮድ ከውሃ ጋኑ ስር ይቆማል። ጠብታ በተላጨ ጭንቅላቱ ላይ ይወርዳል፤ ቀና ብሎ ያያል፤ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ባርኔጣውን ይደፋል። ጠብታው አሁን ባርኔጣው ላይ እያስተጋባ ይጠራቀማል። ባቡሩ ሊሄድ ሲል ባርኔጣውን አውልቆ ከጠርዙ ይጠጣዋል። ስለ ሰውዬው ትዕግሥት፣ ስለ በረሃውም ጥማት ሌላ ቃል አያስፈልግም።

ይህን ያህል ቀርቦ ለመቅረጽ የረዳ ቴክኒክ ነበር፤ ቴክኒስኮፕ ይባላል። በተለመደው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም አንዱ ምስል 4 የጎን ቀዳዳ ቁመት ይይዛል፤ በቴክኒስኮፕ 2 ብቻ ይይዛል። ስለዚህ ምስሉ ያለ ልዩ ማጣበቢያ ሌንስ በራሱ ሰፊ ይሆናል፣ ፊልምም በግማሽ ይቆጠባል። ማጣበቢያ ሌንሶች በጣም ሲጠጉ ፊትን ያሰፉታል፣ ትኩረታቸውም ጠባብ ነው፤ ተራው ሌንስ ግን ቆዳው ላይ ያለውን ላብ እስኪቆጠር ይጠጋል። ጉዳቱ ደግሞ ምስሉ ከትንሽ ፊልም ስለሚሰፋ ቅንጣቱ መጉላቱ ነው፤ በደንብ ያልታጠበ ቅጂ ሻካራ የሚመስለው ለዚህ ነው። ስትሮድ በሆሊዉድ ሳለ ፊቱ ላይ የሚቆይ ካሜራ እንዳላገኘ፣ ሊዮኔ ግን ለደቂቃዎች እንደያዘውና ያ እንደበቃው ተናግሯል።

የመጨረሻዎቹን ዓመታት ስትጽፉ ሳትቸኩሉ አጣሩ። ከ1970ዎቹ ወዲህ የሠራቸው ብዙዎቹ ርካሽ የጣሊያንና የአሜሪካ የድርጊት ፊልሞች ናቸው፤ ሸረሪቶች ከተማ የሚወሩበትም አለ። በ1984 በ«ኮተን ክለብ» ታይቷል። ታኅሣሥ 31 ቀን 1994 ግሌንዶራ በተባለችው የካሊፎርኒያ ከተማ በ80 ዓመቱ በሳንባ ካንሰር ሞተ፤ የመጨረሻው ፊልሙ «ዘ ኩዊክ ኤንድ ዘ ዴድ» ከሞተ በኋላ በ1995 ወጥቶ ለእሱ መታሰቢያ ሆኗል። ልጆቻችሁ የሚያውቁት የ«ቶይ ስቶሪ» የከብት እረኛ አሻንጉሊት ዉዲ ስሙን ያገኘውም ከእሱ ነው።

ስለ ዓመተ ምሕረት ቃል ገብቼ ነበር። የፊልም ዓመት ወደ እኛ ስትመልሱ በጅምላ ስምንት አትቀንሱ። «ሰርጀንት ራትሌጅ» በግንቦት 1960 ስለወጣ 1952 ዓ.ም. ነው፤ «ስፓርታከስ» በዚያው 1960 ጥቅምት ስለወጣ ግን 1953 ዓ.ም. ይሆናል። «አሥርቱ ትእዛዛት»ም ኅዳር 1956 ስለታየ 1949 እንጂ 1948 አይደለም። ወሩን ያላገኛችሁለት ፊልም ካለ የፈረንጁን ዓመት እንዳለ መተው ይሻላል።

አንድ ፊልም ቀርቶኛል፤ ከሁሉም ያልታየው እሱ ነው። በ1968 ቫሌሪዮ ዙርሊኒ ከፓትሪስ ሉሙምባ ታሪክ ተነስቶ በሠራው ፊልም ስትሮድ ሞሪስ ላሉቢ የሚባል፣ ተይዞ የሚሠቃይ አፍሪካዊ መሪ ነው። እዚህ አይጋልብም፣ አይታገልም፣ ደረቱን አያሳይም፤ ይናገራል፣ ይሠቃያል፣ አብሮት ለታሰረ ሌባ ይራራል። ለካን ፌስቲቫል ተመርጦ ሳለ ፌስቲቫሉ በዚያ ዓመት በፈረንሳይ በተነሳው የግንቦት ነውጥ ተቋረጠ። አሜሪካ ሲደርስ «ጥቁሩ ኢየሱስ» የሚል ስም ተሰጥቶት እንደ ድርጊት ፊልም ተሸጠ፤ ተኩስ ፈልጎ የገባው ተመልካችም ቅር ብሎት ወጣ። መፈለግ የሚወድ አንባቢ «ሴዱቶ አላ ሱዋ ዴስትራ» በሚለው የጣሊያንኛ ርዕሱ ይፈልገው።

ከአክብሮት ጋር፣
የፊልም ዓምዳችሁ አንባቢ
አዲስ አበባ